ለጠመንጃ መሸኛ የሚጽፈው ማነው?

ዛሬ ስለ ሹም ሽር አንጽፍም። ብዙዎቻችሁ በየቤታችሁ የምታውቁት፣ ግን አደባባይ ላይ የማይወራ አንድ ጉዳይ አለ። በሕጋዊ መንገድ የተመዘገበ የጦር መሣሪያ ያለው ሰው ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ሲዛወር ወረቀቱ ምን ይሆናል?

«ይሄ ደግሞ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ትንሽ ታገሱን። ከማንም በላይ እኛን ያገባናል፤ ምክንያቱም ሀዋሳ ላይ ሰውየው ከቤቱ ንቅንቅ ሳይል ክልሉ ነው ከሥሩ የተንቀሳቀሰው።

እንበል አንድ የሀዋሳ ነዋሪ በ2005 ዓ.ም. መሣሪያውን አስመዝግቦ ወረቀት ተቀበለ። ወረቀቱ ላይ ያለው ማኅተም የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልላዊ መንግሥት ነው። ከዚያ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ያ ሁላችንም የማንረሳው ሰልፍ፣ ያ ሕዝበ ውሳኔ መጣ፤ 98.5 በመቶው «ክልል» አለ። ሰኔ 2012 ሲዳማ ክልል ሆነ። በ2014 ደቡብ ምዕራብ ራሱን ችሎ ወጣ። ነሐሴ 2015 ላይ የቀረው ክፍል ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ሆነ፣ የድሮው ክልልም አበቃ። ቢሮዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሆሳዕና ወዘተ ሄዱ።

ሰውየው ግን እዚያው መናኸሪያ ሰፈር ቤቱ ቁጭ ብሏል። ጠመንጃውም ያው ነው፣ መለያ ቁጥሩም ያው ነው። ወረቀቱን የሰጠው መንግሥት ግን የለም። ሰውየው ምን አጠፋ? ምንም!

አሁን ደግሞ በእውነት የተዛወረውን እንይ። አንድ አባት ከጎጃም ተነስተው ሀዋሳ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ መጡ እንበል። ምንሽራቸው የአባታቸው ነው፤ ወረዳቸው መዝግቦላቸዋል። ወይም በተቃራኒው የኛው ሰው፣ የወንዶ ገነት ገበሬ፣ ወደ ሻኪሶ ሄዶ ሊሠራ ተነሳ። ከሀዋሳ ሻሸመኔ እኮ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ጥቁር ውሃን እንዳለፍክ ክልል ቀየርክ ማለት ነው። ታክሲ ውስጥ አንድ ዘፈን ሳያልቅ። እነዚህ ሰዎች ቀበሌ ሄደው መታወቂያቸውን ለመቀየር መሸኛ ይጻፍላቸዋል። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው፤ መሸኛውን ይዘህ ትሄዳለህ፣ አዲሱ ቀበሌ ይቀበልሃል። ለመሣሪያውስ? «እሱን እዚያ ስትደርስ ጠይቅ» ነው መልሱ። እዚያ ሲደርስ ደግሞ «ያወጣህበት ቦታ ሄደህ ጠይቅ» ይባላል። በመሃል ኬላ አለ።

ኬላው ላይ የቆመው ፖሊስም አይፈረድበትም። የማያውቀው ማኅተም፣ የማያውቀው ፊርማ፣ አንዳንዴም የማያነበው ቋንቋ ያለበት ወረቀት ነው የሚሰጠው። ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ይወርሳል ወይ ያልፋል። ሦስተኛም አለ፤ እሱን ሁላችሁም ስለምታውቁት አንጽፈውም።

ውጤቱ ምንድነው? ሕጋዊው ሰው ሕገ ወጥ መሆን ይማራል። ሲዛወር መሣሪያውን በጆንያ እህል ውስጥ ይደብቃል፣ ወይ ለጎረቤት በአደራ ጥሎ ይሄዳል፣ ወይ መንገድ ላይ ለማያውቀው ሰው ይሸጠዋል። የተመዘገበ ጠመንጃ ከመዝገብ የሚጠፋው እንዲህ ነው። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ቦታ ይተኩሳል፤ ማን እጅ እንደነበረ የሚያውቅ የለም።

ሕጉ ምን ይላል? እዚህ ላይ ብሔርተኛ ወንድሞቻችን ቅር የሚላችሁን ነገር እንናገራለን፤ ሀላሌው እሱ ስለሆነ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 21 የጦር መሣሪያ ስለመያዝ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የሰጠው ለፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ ለክልል አይደለም። ይሄ ከ1987 ጀምሮ የተጻፈ ነው። ጠቅለል ያለው ሕግ ግን የወጣው በ2012 ነው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012። በመሃል 25 ዓመት አለፈ! በነዚያ ዓመታት ሥራው በየክልሉ፣ በየዞኑና በየወረዳው ልማድ ነበር የሚሄደው። አንዱ ጋ ሚሊሻ ጽሕፈት ቤት ይመዘግባል፣ ሌላው ጋ ፖሊስ፣ ሌላው ጋ የጸጥታ ቢሮ። ወረቀቱም እንደየቦታው መልክ አለው፤ ያለ ፎቶ አለ፣ በእጅ የተጻፈ አለ።

አዋጁ ተቆጣጣሪ ያደረገው የፌዴራል ፖሊስን ነው። መሣሪያ መያዝ ልማድ ስለሆነባቸው አካባቢዎችም ለብቻ ይናገራል፤ ይሄ ጥሩ ነው፣ የደቡብ ኦሞ አርብቶ አደርና የፒያሳ ነጋዴ አንድ አይደሉምና። ታዲያ በወረቀት አንድ ሕግ አለን፤ መሬት ላይ ግን በ12 ክልሎች፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው ሌላ ሌላ ነው። እኛ ክልል ይሁን ብለን የታገልን ልጆች ነን። ክልል ማለት ግን በሌላ ክልል በሕግ የተመዘገበን ሰው እንደ ሽፍታ ማየት ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ላይ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የሀገሪቱ ክፍል የመኖር መብት አለው ይላል። ያንኑ ሕገ መንግሥት ይዘን እኮ ነው አንቀጽ 47ን ጠቅሰን ክልል የጠየቅነው። አንዱን አንቀጽ አንግበን ሌላውን መርገጥ አይሆንም።

ደግሞ ይሄ የኛ ሀገር ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችሁን ጠይቁ። ቨርጂኒያ የሚኖርና ዲሲ የሚሠራ ሐበሻ ብዙ ነው፤ በመሃል ያለው አንድ ድልድይ ነው። ቨርጂኒያ ያወጣህለት የመሸከም ፈቃድ ዲሲ አይሠራልህም፤ ዲሲ የሌላ ግዛት ፈቃድ አይቀበልም፣ መሣሪያውንም ራሱ ጋ ካልተመዘገበ አያውቅልህም። በ2013 እንደ ፈረንጆቹ አንዲት የፊላደልፊያ እናት፣ በፔንስልቫኒያ የተሰጣት ፈቃድ ያላት፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ለትራፊክ ጥፋት ፖሊስ አስቆማት። «ሽጉጥ ይዣለሁ፣ ፈቃድም አለኝ» ብላ ራሷ ተናገረች። ታሰረች። ዓመታት እስር ሊፈረድባት ነበር፤ ጉዳዩ ሀገር ካነጋገረ በኋላ በ2015 የግዛቱ ገዥ ምሕረት አደረገላት። እውነቱን ስለተናገረች ነው ይሄ ሁሉ የደረሰባት!

ግን አሜሪካኖቹ አንድ የምንወስደው ነገር አላቸው። ከ1986 ጀምሮ የፌዴራል ሕጋቸው ለመንገደኛ ማለፊያ ይሰጣል፤ የምትነሳበትም የምትደርስበትም ቦታ መሣሪያው ሕጋዊ ከሆነልህ፣ ጥይቱን አውጥተህ፣ እጅህ በማይደርስበት ቦታ ቆልፈህ፣ በመሃል ያሉትን ግዛቶች ማለፍ ትችላለህ። ይሄ ለኛ ምን ይከብደናል? ከሻኪሶ ሀዋሳ ለሚመጣ ሰው ከተነሳበት ፖሊስ አንድ የጉዞ ወረቀት ይጻፍለት፤ የሰውየው ስም፣ የመሣሪያው ዓይነትና መለያ ቁጥር፣ የሚሄድበት ከተማ፣ ደርሶ የሚያስመዘግብበት ቀን። ኬላ ያለው ፖሊስ ደውሎ ያረጋግጣል። በቃ።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ ወጣቱ። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ዋናው ምክንያት ይሄ ነው። ችግር ሲፈጠር፣ ወሬ ሲነዛ፣ «መሣሪያ እየገባ ነው» ሲባል መንገድ ላይ ወጥታችሁ መኪና የምታስቆሙ አላችሁ። ሐምሌ 11 ቀን 2011ን ይህች ከተማ አትረሳውም፤ የሞተው የኛው ወንድም፣ የተቃጠለው የኛው ጎረቤት ቤት ነው። ድንጋይ የተደረደረበት መንገድ ላይ የቆመ ልጅ ወረቀት አያነብም። እነዚያ የጎጃም አባት ምንሽራቸውን ይዘው ቢመጡ ሕጋዊ ይሁኑ አይሁኑ ያውቃል? ይልቅ በቋንቋቸው ነው የሚፈርዳቸው። እንዲህ ያለ ፍርድ ደግሞ መዞሩ አይቀርም፤ ነገ የኛ ሰው ሻሸመኔ ላይ፣ ዲላ ላይ፣ ወላይታ ላይ በሲዳምኛው ይፈረድበታል። መፈተሽ የፖሊስ ሥራ ነው። መሣሪያ በብዛት ሲጓጓዝ ያየ ሰው ለፖሊስ ይደውል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእሱ አይደለም።

አባቶቻችንን ተመልከቱ። ሲዳማ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ «አፊኒ» ይላል፤ ሰማችሁ ወይ ተብሎ ተጠያይቆ፣ ተደማምጦ ነው የሚፈረደው። ኬላ ላይ አፊኒ የለም።

መሣሪያ በቤታቸው ያለ ቤተሰቦቻችሁስ? ፈቃድ ለሰው እንጂ ለቤት አይሰጥም፤ አባትህ ካረፉ ጠመንጃቸው ሳጥን ውስጥ ስላለ ያንተ አልሆነም። ሄደህ አስታውቅ። ያለ ፈቃድ መያዝ የሚያሳስር ወንጀል ነው፤ «የአባቴ ነው» ማለት ፍርድ ቤት አያድንም። ልትዛወር ከሆነ መሣሪያውን አውቶቡስ ላይ ከመጫንህ በፊት የሰጠህን ቢሮ በጽሑፍ ጠይቅ፣ የምትሄድበትንም ፖሊስ አስቀድመህ ጠይቅ፣ ኮፒውን አስቀር። የድሮው ደቡብ ማኅተም ያለበት ወረቀት የያዛችሁ ደግሞ ኬላ ላይ እስክትያዙ አትጠብቁ። ካልተቀበሏችሁ ያልተቀበላችሁን ሰው በጽሑፍ መልስ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ማመልከቻ መጻፍ የሚቸግራቸው አባቶች ካሉ እናንተ ጻፉላቸው፤ ዲግሪ ይዘን ቤት የተቀመጥን ስንት ነን? ቢያንስ ማመልከቻ እንጻፍበት።

ለክልላችን መንግሥትና ለክልሉ ፖሊስ ኮሚሽን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የቀድሞው ክልል የሰጣቸው ፈቃዶች በሲዳማ ምን ዋጋ እንዳላቸው በግልጽ ይነገር። የትኛው ቢሮ እንደሚቀበል፣ ምን ምን ይዞ መምጣት እንደሚያስፈልግ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ በሲዳምኛና በአማርኛ ተጽፎ በየቀበሌው ይለጠፍ። ከሌላ ክልል የመጣ ሰው መሣሪያውን ይዞ በፈቃዱ ቢሮ ድረስ ከመጣ፣ ወረቀቱ እስኪጣራ መሣሪያው ደረሰኝ ተሰጥቶት በአደራ ይቀመጥ እንጂ ሰውየው አይታሰር። ራሱ የመጣን ሰው ካሰርክ ቀጥሎ የሚመጣ የለም።

የፌዴራል ፖሊስም አዋጁ የሰጠው ሥልጣን ላይ አይተኛ። አንድ ዓይነት ፈቃድ፣ አንድ ዓይነት መዝገብ፣ በማንኛውም ኬላ በመለያ ቁጥር የሚጣራ። ሲም ካርድ ስናወጣ እንኳን ሀገር አቀፍ መዝገብ ላይ ነው የምንገባው፤ ጠመንጃ ከሲም ካርድ ያንሳል እንዴ? ይህ እስኪሆን ድረስ ከኦሮሚያና ከደቡብ ኢትዮጵያ ጋር የክልላችን ፖሊስ ተቀምጦ የሚዋሰኑ ወረዳዎች የአንዱን ወረቀት አንዱ እንዲያውቅ ያድርግ። ከወንዶ ገነት ይጀመር፤ ከብቱ እዚያና እዚህ የሚግጥበት፣ ገበያው አንድ የሆነበት ቦታ ነውና።