ቪዲዮ መቁረጫው ስንት ደቂቃ ያስከፍላችኋል?

«ለቪዲዮ የትኛው አፕ ይሻለኛል?» የሚል መልእክት በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ፊልም ሠሪዎች አይደሉም። ቤቷ ኬክ የምትጋግር፣ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ የምትሸጥ፣ መርካቶ ጫማ ቤት ያለው ልጅ ናቸው። ቀን ሥራ ላይ ይውላሉ፣ ማታ ደግሞ ዓይናቸው እስኪቀላ ስልክ ላይ ቪዲዮ ይቆርጣሉ። መልሴ ብዙዎቹን አያስደስታቸውም። ለእናንተ ሥራ የሚበቃው መቁረጫ ምናልባት አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ አለ። ሌላ የምትመርጡ ከሆነ ደግሞ አፑን ባለው የማስዋቢያ ብዛት አትመዝኑት፤ በሚበላባችሁ ደቂቃ መዝኑት።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ኦፖርቹኒቲ ኮስት የሚባል ነገር ነበር፤ አንዱን ለማድረግ ስትሉ የተዋችሁት የሌላው ነገር ዋጋ ማለት ነው። ፈተና ላይ ትርጉሙን ጽፈን እንረሳዋለን እንጂ ለትንሽ ነጋዴ ግን የዕለት እንጀራ ነው። እስቲ እናስላው። በሳምንት 5 ቪዲዮ ትለጥፋላችሁ እንበል፣ አንዱ 40 ደቂቃ ይፈጃል። በሳምንት 200 ደቂቃ ሆነ። ያንኑ ሥራ በ10 ደቂቃ የሚያስጨርስ መንገድ ካለ 150 ደቂቃ ይተርፋል፤ በወር ሲሰላ ወደ 10 ሰዓት ነው። በ10 ሰዓት ስንት «ስንት ነው ዋጋው?» የሚል መልእክት ይመለስ ነበር? (በነገራችን ላይ ዋጋውን ቪዲዮው ላይ ጻፉት። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ነገር ገዢንም ሻጭንም ያደክማል።)

የሻጭ ቪዲዮ ምን ይፈልጋል? መጀመሪያ ላይ ያለችውን «እየቀረጸ ነው እንዴ?» የምትለዋን ክፍል መቁረጥ፣ መጨረሻ ላይ ስልኩ ወደ መሬት ሲዞር የሚታየውን ማውጣት፣ ሁለት ሦስት ክሊፕ ማያያዝ፣ ዋጋና ስልክ ቁጥር መጻፍ። አለቀ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የስልካችሁ ጋለሪ ይሠራላችኋል። አይፎንም ሆነ ጎግል ፎቶስ ቪዲዮውን ከፍታችሁ «ኤዲት» ስትሉ ከግራና ከቀኝ እየጎተታችሁ ማሳጠር ትችላላችሁ። ቻናላችሁ ቴሌግራም ላይ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሌላ አፕ አያስፈልግም፤ ቴሌግራም ራሱ ከመላካችሁ በፊት ቪዲዮውን እንድትቆርጡና የጥራት ደረጃውን እንድትመርጡ ያደርጋል። ይህን የማያውቅ ሻጭ ብዛቱ ይገርመኛል።

ማያያዝና ጽሑፍ ሲመጣ ነው አፕ የሚያስፈልገው። እዚህ ጋ ሁሉም ሰው የሚጠራው ካፕካት ነው። ጥሩ አፕ ነው፣ አልክድም። ግን ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ የሚያምረውን ኢፌክት በነፃ ያስሞክራችሁና ኤክስፖርት ልታደርጉ ስትሉ ነው «ይሄ እኮ የፕሮ ነው» የሚላችሁ። ግማሽ ሰዓት ከደከማችሁ በኋላ ወይ ትከፍላላችሁ ወይ ታፈርሱታላችሁ። ሁለተኛ፣ የካፕካት ባለቤት የቲክቶክ ባለቤት የሆነው ባይትዳንስ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካው ሕግ ሥራ ላይ ሲውል ቲክቶክ ብቻ ሳይሆን ካፕካትም አብሮ ከአፕ መደብሮች ወረደ፣ ተጠቃሚዎችም መክፈት አቃታቸው። በኋላ ተመለሰ። ሆኖም ያልተጠናቀቀ ሥራውን ሁሉ እዚያው አፕ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው መሸጫውም መቁረጫውም በአንድ ቀን ነው የተዘጋበት። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሕግ የለም፤ ግን ማንኛውም አፕ ደንቡንም ዋጋውንም ሳያማክራችሁ ይቀይራል። ስለዚህ የትኛውንም ብትጠቀሙ ጥሬውን ቪዲዮ ቢያንስ ሥራው እስኪያልቅ አታጥፉት፣ ያለቀውንም ጋለሪያችሁ ላይ አስቀምጡት።

ከሌሎቹ ቪኤን የአፑን አርማ ሳይለጥፍ በነፃ ያወጣል። ኢንሾት ቀላል ነው፣ አርማውን ለማንሳት ግን ማስታወቂያ ያሳያችኋል። ኪንማስተር በነፃው ላይ አርማውን ይተዋል። ሜታ በ2025 ያወጣው ኤዲትስም አርማ የለውም፣ የኢንስታግራም አካውንት ግን ይፈልጋል።

ብር ከፍላችሁ ፕሮ ልትገዙ ካሰባችሁ ሒሳቡ በዶላር መሆኑን አትርሱ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ከመለቀቁ በፊት 10 ዶላር በባንክ 570 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ1,000 ብር አለፈ። አፑ ዋጋውን አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር እናንተ ላይ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል ማለት ነው። ገቢያችሁ በብር፣ ወጪያችሁ በዶላር ከሆነ በየወሩ ምንዛሪ ላይ ቁማር እየተጫወታችሁ ነው።

እዚህ ላይ ነው «ሞድ» የሚባለው መፍትሔ የሚመጣው፤ ቴሌግራም ላይ በፋይል የሚላከው፣ ፕሮው ተሰብሮ በነፃ የተከፈተው አፕ። በዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። ያንን ፋይል የምትጭኑበት ስልክ ላይ ቴሌብራችሁ አለ፣ የባንክ አፓችሁ አለ፣ ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣበት ሲም አለ፣ የደንበኞቻችሁ ስልክ ቁጥርና አድራሻ አለ። ማን እንደነካካው የማይታወቅ አፕ ደግሞ ስትጭኑት ፋይል፣ ማይክ፣ አንዳንዴም መልእክት ለማንበብ ፈቃድ ይጠይቃል። የሚያምር መሸጋገሪያ ለማግኘት ብሎ የሱቁን ካዝና ለማያውቀው ሰው የሚከፍት ነጋዴ የለም። ስልክ ላይ ሲሆን ግን እንከፍታለን።

ሌላው ወጪ ስቶሬጅ ነው። አይፎን ራሱ ሴቲንግ ውስጥ እንደሚነግራችሁ፣ በቁጠባ ፎርማቱ በ1080 ሲቀረጽ 1 ደቂቃ 60 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ በ4ኬ ደግሞ 170። ደንበኛችሁ በስልክ ነው የሚያያችሁ፣ ያውም ዳታው እንዳያልቅ እየሰጋ። 1080 ይበቃል። መካከለኛ ስልክ ላይ 4ኬ መቁረጥ ማለት ደግሞ ስልኩ እየጋለ፣ ኤክስፖርቱ 60 ከመቶ ላይ ቆሞ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

ላፕቶፕ ላላቸው አንድ ነገር ልጨምር። ረጅም ላይቭ ቀርጻችሁ ቆንጥራችሁ የምትለጥፉ ከሆነ ሎስለስከት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ብዙዎቹ አፖች ሲቆርጡ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ይሠሩታል፤ ጊዜ የሚወስደው እሱ ነው፣ ጥራትም ትንሽ ይቀንሳል። ይሄኛው ግን እንዳለ ነው ቆርጦ የሚያወጣው፣ ስለዚህ የአንድ ሰዓት ፋይል እንኳ ቶሎ ያልቃል። ጉድለቱ፣ መቁረጫው በፈለጋችሁት ነጥብ ላይ በትክክል ላያርፍ ይችላል፤ ትንሽ ቀድሞ ሊጀምር ይችላል። ለሻጭ ይሄ ምንም አይደለም። ዳቪንቺ ሪዞልቭም ነፃ ነው፣ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ነው፣ ግን ጠንካራ ኮምፒውተርና ለመማር ትዕግሥት ይፈልጋል። ኬክ ለምትጋግር ልጅ አልመክርም።

«ያሸበረቀ ቪዲዮ ነው እኮ የሚታየው» የሚሉኝ አሉ። ሊሆን ይችላል፤ ግን እይታና ትእዛዝ ይለያያሉ። አንድ ሳምንት ያሸበረቀውን፣ አንድ ሳምንት ተራውን ለጥፉና የመጣውን ትእዛዝ በደብተር ቁጠሩ። ያሸበረቀው በእርግጥ ከሸጠላችሁ እንኳ ራሳችሁ መቁረጥ አለባችሁ ማለት አይደለም። የእናንተ ሰዓት ከኤዲተሩ ክፍያ የሚበልጥበት ጊዜ ይመጣል፤ ያኔ በቪዲዮ ተስማምታችሁ ለሚችል ልጅ ስጡት። ሥራችሁ ራሱ ኤዲቲንግ ከሆነ፣ የሠርግ ወይም የማስታወቂያ ቪዲዮ የምትሠሩ፣ ይሄ ሁሉ እናንተን አይመለከትም። ክፈሉ።

ለቀራችሁት፣ ዛሬ ማታ ይህን ሞክሩ። አንድ የ1 ደቂቃ ቪዲዮ ውሰዱ፣ ሦስት አፕ ምረጡ። በስልካችሁ ስቶፕዋች ከመክፈት ጀምሮ ያለቀው ጋለሪ ውስጥ እስኪገባ ያለውን ጊዜ ያዙ። ዳታችሁን አጥፍታችሁ ይሠራ እንደሆነ እዩ። ከዚያ «ቋ»፣ «ጿ»፣ «ኳ» ብላችሁ ጻፉ፤ ብዙዎቹ የሚያማምሩ ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም፣ በሁሉም ፎንት ጽሑፋችሁ አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ይቀራል ወይም ባዶ ሳጥን ይሆናል። ከውጭ ፎንት ማስገባት የሚፈቅድ ከሆነ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ነፃ ፎንት አስገቡ። ፈጣኑን ያዙና ሁለቱን ከስልካችሁ አጥፏቸው፣ ለነገው ቪዲዮም ቦታ ታገኛላችሁ።