የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ሽልማት ወዳጅ ያፈራልን?

የኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ ሐይቅ በሚወርድባት በአርባ ምንጭ ሆነን ይህን እትም ስናሰናዳ፣ በዲጂታል የጨዋታ መደብሮች የሚደረግ የሽልማት ውድድር ድካሙን ይክስ እንደሆነ መርምረናል። ስቲም የተባለው መደብር እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2017 ጨዋታዎችን በተጫዋቾች ድምፅ ያስመርጥ በነበረበት ዘመን፣ አንዳንድ ሠሪዎች ነፃ ቅጂ እያደሉ ድምፅ ቢሰበስቡም፣ ስጦታን ሽቶ የመጣ ሁሉ ጨዋታውን አፍቅሮ አይጸናምና፣ የድምፁ ብዛት ለገዢ ብዛት ዋስትና አልሆነም፤ በኋላም ሥርዓቱ ተሽሮ ሠሪዎች በሚከፍሉት 100 ዶላር ተተካ። በአንጻሩ የአዲስ አበባው የጨዋታ ሠሪ ቅኔ ጌምስ ያወጣው «ኩኩሉ» የተባለ ጨዋታ፣ በሕፃናት አንደበት ያደረ ስም ይዞ በመምጣቱ፣ ስሙ ራሱ ማስታወቂያ ሆኖታል። ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው፦ ሥራው ሳይጠናቀቅ የሚታወጅ ውድድር ከንቱ ድካም ሲሆን፣ ለተዘጋጀ ጨዋታ ግን ሽልማቱ ራሱ ጨዋታው ይሁን።