ደቦ ያበላል፣ ወንፈል ይመልሳል

ዛሬ የምንነጋገረው በሥራ ቦታ ስለ መተባበር ነው። ነገሩ ለእናንተ አዲስ አይደለም። ፋብሪካ ሳይኖር በፊት አርሶ አደሩ ያውቀዋል።

ወንፈል ምንድን ነው? ዛሬ እኔ ያንተን እርሻ አርማለሁ፤ ነገ አንተ የእኔን ታርማለህ። አንድ ቀን የሰጠ አንድ ቀን ይመለስለታል። ደቦ ግን ሌላ ነው። ደቦ የጠራ ሰው ቀን ባይመልስም ያበላል፣ ያጠጣል። በሁለቱም ሰው በደስታ ይሠራል። ለምን? አንደኛ፣ ድካሙ ከንቱ እንደማይቀር ያውቃል። ሁለተኛ፣ ሥራው ለሁሉም ይታያል፤ የበረታው ይመሰገናል። ሦስተኛ፣ ተለምኖና ተከብሮ ነው የመጣው።

አሁን ወደ ከተማ እንምጣ። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ልደታ ነው። እዚህ አሮጌ ሰፈር ፈርሶ ፎቅ ቤት ተሠርቷል። ከገጠር የመጡ ልጆቻችሁም በግንባታ ሥራ ይውላሉ። ግንበኛው ብቻውን ምን ያደርጋል? ስሚንቶ የሚያቦካ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ብሎኬት የሚያቀብል ከሌለ አንድ ረድፍ አይነሣም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የከተማውን ባቡርም እንይ። አንዱ መስመር ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ የተዘረጋ ነው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ግን ሁለቱም በአንድ ሐዲድ እንዲሄዱ ሆኖ ተሠራ። እንዲህ ባለ ቦታ ተራ መጠበቅ ግድ ነው። አንዱ ካልጠበቀ ሁለቱም ይቆማሉ።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? አንዳንድ አለቃ «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን፣ ተባበሩ፣ ዛሬ አምሹ» ይላል። ሒሳብ ሲጠየቅ ግን ፊቱን ያዞራል። ይህ ምን ይባላል? ምሳ የሌለው ደቦ ነው። እንዲህ ያለ ደቦ ለሁለተኛ ጊዜ ቢጠራ ማን ይመጣል?

ሕጉን እንወቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አያሳልፍም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያውም ከፍ ይላል። በሰዓት 20 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ እንውሰድ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ቢሠራ፣ በሰዓት 30 ብር።
ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ 35 ብር።
በሳምንት ዕረፍት ቀን፣ 40 ብር።
በሕዝብ በዓል ቀን፣ 50 ብር።

ገንዘብ ብቻውን ግን ልብ አያነሣሣም። ሐሳብም መሰማት አለበት። ጃፓኖች ካይዘን የሚሉት አሠራር አላቸው። ዕለት በዕለት ጥቂት በጥቂት ማሻሻል ማለት ነው። በአገራችን ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ። በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ሠራተኞች በትንንሽ ቡድን ሆነው ጊዜና ዕቃ የት እንደሚባክን ይመክራሉ። አካፋ ሲፈለግ ግማሽ ሰዓት ካለፈ፣ ለአካፋው የታወቀ ቦታ ይበጅለታል። ቀላል ነገር ነው። ዳሩ ግን መላውን ያመጣው አካፋውን የሚይዘው ሰው ራሱ ነው። ሲሰማ ይበረታል። ምስጋናውን ሌላ ከወሰደበት ግን በሚቀጥለው ዝም ይላል። መላ እያወቀም ዝም ይላል።

ሠራተኛውም ድርሻ አለበት። በወንፈል ቀን አርፍዶ የመጣ፣ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ሸክሙን በጎረቤቱ ላይ ይጭናል። በፋብሪካም እንደዚያው ነው። አንዱ ሲለግም ሌላው ይደክማል፤ ውሎ አድሮ ሁሉም ይለግማል።

እንግዲህ ፊደል ቆጥራችኋል፤ ተጠቀሙበት። ቅጥር የገባችሁ፣ ወይም ልጃችሁ የገባ፣ አንድ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ የገባችሁበትን ሰዓት፣ የወጣችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ወንፈል በቃል ይያዛል፤ ሁሉም ይተዋወቃልና። በከተማ ግን ጽሑፍ ይመሰክራል።

በየቡድናችሁ ተወያዩ፦
1. በሰፈራችሁ ወንፈል የሚፈርሰው በምን ምክንያት ነው?
2. በሰዓት 20 ብር የሚከፈለው ሰው በበዓል ቀን 3 ሰዓት ትርፍ ቢሠራ ስንት ብር ያገኛል?
3. ባልደረባችሁ መልካም ሐሳብ ቢያመጣ ምን ታደርጋላችሁ?