በሩን የሚከፍተው ማነው?

«ታስመስላለች!» እስር ቤት ውስጥ አእምሮዋ ለታወከ ሴት ከበር ውጭ የሚሰጠው ፍርድ ይቺው ናት፡፡ ቀጥሎ ጠባብ ክፍል፣ ቀጥሎ ቁልፍ፡፡

እስኪ ሠለጠነች ከምትባለው ካናዳ እንጀምር፡፡ አሽሊ ስሚዝ የምትባል ልጅ በ15 ዓመቷ ፖስታ አመላላሽ ላይ የዱር ፖም ወርውራ ታሰረች፡፡ ለፖም! ሕክምና የሚያሻት ልጅ ነበረች፤ ያገኘችው ግን ቅጣት በቅጣት ላይ ነው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ለብቻዋ ተቆልፎባት፡፡ 18 ሲሞላት ወደ አዋቂዎች እስር ቤት ገባች፡፡ ከዚያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ 17 ጊዜ ከቦታ ቦታ አዘዋወሯት፡፡ ጉዱን ልብ በሉ፤ ለብቻው የታሰረ ሰው ጉዳይ በ60 ቀን በበላይ አካል መታየት ነበረበት፡፡ ልጅቷ በተዛወረች ቁጥር ግን ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል፡፡ ሕጉ አለ፤ ቀኑ ግን አይሞላም!

አቤቱታም ጽፋ ነበር፡፡ ፖስታው እንደታሸገ ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ፡፡ የተከፈተው ከሞተች ከሁለት ወር በኋላ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 2007 ራሷን ስታንቅ ጠባቂዎቹ ከበር ውጭ ቆመው ያያሉ፡፡ እስትንፋስ እስካላት ድረስ እንዳይገቡ ታዘው ነበር፡፡ 19 ዓመቷ ነበር፡፡ በ2013 አሟሟቷን የመረመረው ጁሪ በሰው እጅ የደረሰ ሞት ነው አለ፡፡

የተባበሩት መንግሥታት በ2015 ያጸደቀው የማንዴላ ደንብ ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ለብቻ ማሰርን ይከለክላል፡፡ ሕመሙ የሚብስበት የአእምሮ በሽተኛማ ከነጭራሹ እዚያ መግባት የለበትም፡፡

እኛስ? ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 21 ላይ እስረኛን ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና የሕግ አማካሪ እንዲጎበኙት ደንግጓል፡፡ ይሁንና ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በ2001 ዓ.ም. ቃሊቲ ለብቻቸው ሲታሰሩ እንዲጠይቋቸው የተፈቀደላቸው እናታቸውና ትንሿ ልጃቸው ብቻ ነበሩ፡፡ እሳቸው ዳኛ የነበሩ፣ የፓርቲ መሪ፣ ዓለም ስማቸውን የሚያውቀው ሰው ናቸው፡፡ ታዲያ ስሟን ማንም የማያውቃት፣ ዘመዶቿ ያፈሩባት፣ ብሶቷን በቅጡ መናገር የተሳናት ሴትስ? «ሐኪም ይጠራልኝ» ብላ ማመልከቻ እንድትጽፍ ነው የሚጠበቀው? የታመመውኮ የምታመለክትበት አእምሮዋ ነው ጎበዝ!

አንቀጽ 21 ላይ የተጻፈው ሐኪም እሷ ሳትጠራው በየቀኑ ይግባ፡፡ «ትውጣ» ሲልም ቁልፍ ያዡ እምቢ የማለት ሥልጣን አይኑረው፡፡ የአሽሊን ቀን ሲቆጥሩ የነበሩት እነዚያው የቆለፉባት ሰዎች ነበሩ፡፡