መንገደኛ ማደሪያውን አስቀድሞ ያስብ

ክረምቱ አልፎ ምድሪቱ በዐደይ አበባ ስታጌጥ፥ ልጆቹን ይዞ አገር ለማየት የሚነሣ ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ይህም መልካም ልማድ ነው፤ አገሩን በዐይኑ ያላየ ልጅ አገሩን የሚያውቀው በወሬ ብቻ ነውና። ነገር ግን የቤቱ ጌታና እመቤቲቱ ስለ ስንቁ፥ ስለ ልብሱና ስለ አውቶሞቢሉ ጎማ ብዙ ቀን ሲመክሩ ሰንብተው፥ «የት እናድራለን?» ብለው የሚጠይቁት ፀሓይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጋይንት በኩል ወደ ላሊበላ ለሚሄድ ቤተ ሰብ ጥቂት ቃል ልንናገር አስበናል።

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፥ በነፋስ መውጫና በጋሸና አልፎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቻይና መንግሥት ርዳታ ስለ ተሠራም ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ከባሕር ዳር ላሊበላ ድረስ ብርቱ ሾፌር በአንድ ቀን ይገባል ሲሉ ሰምተን፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛም እንዲሁ ልናደርግ ሞከርን።

የሸመገሉትን እናታችንንና ሦስት ልጆች ይዘን ነበር። በደብረ ታቦር በዘመድ ቤት ምሳ ስንበላ፥ ቡና ስንጠጣ ቆየንና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ተነሣን። ነፋስ መውጫ ስንደርስ ማደር ሲገባን «ገና ብርሃን ነው» ብለን አለፍን። ጨጨሆ ላይ ጉም ወረደ፤ ሾፌራችንም መንገዱን ከገደሉ መለየት ተሳነውና ቆመ። ጢስ ወደ ሚታይበት ጎጆ ሄደን «የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዶች ነን» ብንል፥ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» አሉን። የገብስ ቂጣና የተቀቀለ ድንች አቀረቡልን፤ እናታችን በመደቡ ላይ፥ ልጆቹም በእሳቱ ዳር ተኙ።

ማለዳ ስንነቃ ባለቤቱና ሚስታቸው ከከብቶቹ አጠገብ በቁርበት ላይ ተጠጋግተው አድረው አገኘናቸው። በቤቱ የነበረው ጋቢ ሁሉ በእኛ ልጆች ላይ ነበረ። ገንዘብ ብንሰጣቸው «እንግዳ ይከፍላልን?» ብለው አልቀበልም አሉ። ጕዞ ከጀመርን በኋላም እናታችን ረዥም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ልጆቼ፥ የእናንተን ስንፍና ሌላ ሰው በብርድ ከፈለው» አሉን። ለዚህ ቃል የምንመልሰው አልነበረንም።

ለዚህ ነገር ታሪካችንም ምስክር አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው ከደብረ ታቦር የተነሡት በ1860 ዓ.ም. በመስከረም ወር መጨረሻ ነው፤ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል አልፈው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነበር። መድፉ 7,000 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበርና የየቀኑ መንገድ የሚለካው መንኰራኵሩ በሚችለው መጠን ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገዱን ያስጠርጉ ነበር፤ በበሽሎ ገደል ያስቈረጡት መንገድ ኋላ ለመጣው የእንግሊዝ ጦር እንኳ ጠቀመው። ቀኑ እንዲህ በጥንቃቄ ሲታሰብ፥ የሌሊቱ ዋጋ ግን በባላገሩ ላይ ወደቀ፤ ሠራዊቱ ከየደረሰበት ይበላ ነበርና። በቀድሞው ዘመን ለሹም እንግዳ በትእዛዝ ይቀርብ የነበረው ደርጎም ከባላገሩ ጎተራ የሚወጣ ነበረ።

በሌላው ዓለም ይህንን ያስተዋለ መንግሥት አለ። በስፔን አገር በንጉሡ በአልፎንሶ 13ኛ ዘመን፥ በ1928 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ በግሬዶስ ተራራ ላይ ፓራዶር የተባለ የመንግሥት ማደሪያ ተከፈተ። ኋላም አሮጌ ቤተ መንግሥቶችና ገዳማት እየታደሱ ለመንገደኛ ማደሪያ ሆኑ፤ ዛሬም ቍጥራቸው ከ90 በላይ ነው። እንዲህም ሲሆን መንገደኛ አስቀድሞ የሚያድርበትን ፓራዶር መርጦ፥ ከዚያም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰውን ያማረ መንገድ ሊፈልግ ይችላል።

እኛም ይህን ሥርዓት ለራሳችን መንገድ ብናደርገው እንዲህ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ከባሕር ዳር በጥዋት ተነሥቶ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ በደብረ ታቦር ማደር ነው። ከሰዓት በኋላ ጋፋትን ለልጆች ማሳየት፥ መድፉ የተሠራበትን ታሪክ በስፍራው መንገር ይቻላል። በሁለተኛው ቀን ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የጉናን ተራራ በቀኝ እያዩ በክምር ድንጋይ በኩል ማለፍ ነው። ወደ ጣና የሚወርዱት ርብና ጉማራ ከጉና እንደሚነሡ ለልጆች ማስረዳት አይረሳ። ነፋስ መውጫ ገና በቀትር ቢደርሱም እዚያው ይደር፤ ስሙ እንደሚነግረን ብርዱ ብርቱ ነውና ጋቢ አይጕደል።

አንድ ሁለት ቀን የተረፈው ሰው የድጓ ምስክር የሚገኝበትን የጋይንቱን ቤተልሔም ወይም የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር የሆነውን ዙር አባን ይሳለም። ወደ ታች ጋይንት፥ ወደ ስማዳዋ ወገዳ ወይም ከጉና በስተ ደቡብ ወዳለው ወደ እስቴ የሚወርድ ግን፥ አስቀድሞ መልእክት ልኮ ማደሪያውን ሳያረጋግጥ አይነሣ። በሦስተኛው ቀን ጉሙ ከተገለጠ በኋላ ጨጨሆን ማለፍ፥ ከጋሸናም ወደ ግራ ታጥፎ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ላሊበላ በቀን መግባት ነው። ጨጨሆ በጥዋት ብርሃን ሲታይ በጉም ውስጥ ያስፈራን ገደል ይህ ነውን ያሰኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም መጠየቅ ያስፈልጋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ነፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ የአገሩ ጸጥታ አንድ ጊዜ ሲጸና፥ አንድ ጊዜ ሲናወጥ ቆይቷል። የአገሩ ሰው «ዛሬ አትለፉ» ያለ እንደ ሆነ፥ መመለስ ውርደት አይደለም። ይህን ሁሉ ተጠንቅቆ ሳለ የመሸበት ሰው ደግሞ የራሱን ብርድ ልብስና ስንቅ ይያዝ፤ ቡናና ስኳርም አይለየው፤ ገንዘብ አልቀበልም የሚል ባለቤት ቡናና ስኳር ስጦታ ብሎ ይቀበላልና።

እኛም በዓመቱ አራት ብርድ ልብስ ይዘን ወደዚያ ጎጆ ተመለስን። ባለቤቱ ከሩቅ አይተውን «ዛሬስ በቀን መጣችሁ» ብለው ሣቁ። ብርድ ልብሱን ተቀበሉን፤ የእናታችንንም ደኅንነት ጠየቁን። እንግዲህ በአገራችን ባላገር እንግዳን መልሶ የማያውቅ ስለ ሆነ፥ ደግነቱን እንዳናደክመው መጠንቀቅ የመንገደኛው ፈንታ ነው።