ለፈተና የሚሰጥ መርፌ የለንም



በየዓመቱ ጥቅምት ሲጋመስ በክሊኒካችን ደጃፍ አንድ ዓይነት ወረፋ ይታያል። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ከእናት ወይም ከአባታቸው ጋር ይመጣሉ። አንዱ ራሱን ያመዋል፤ ሌላዋ ሆዷን ይቆርጣታል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ያነበብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል» ይላል። ወላጅም ወደ ጠረጴዛዬ ጠጋ ብሎ «ሲስተርዬ፣ ፈተናው እስኪያልፍ የሚያበረታው መርፌ ስጪልኝ» ይለኛል። አንዳንዱ ቫይታሚን፣ አንዳንዱ ግሉኮስ ይጠይቃል።

መልሴ አንድ ነው። ለፈተና የሚሰጥ መርፌ የለንም። የትም ክሊኒክ ብትሄዱ የለም። መብላትና መጠጣት ለሚችል ልጅ ግሉኮስ ማንጠልጠል ትምህርት አያስገባለትም። ያለ በቂ ምክንያት የተወጋ መርፌ ደግሞ መግል ሊቋጥር፣ ነርቭ ሊጎዳም ይችላል። ስለዚህ የመጣችሁበትን ነገር ሳትይዙ ትመለሳላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ትቀየሙኛላችሁ።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳችሁ የምፈልገው ግን ሌላ ነገር አለ። ልጅ ለፈተና የሚታገዘው በአዘቦቱ ቀን ነው። ይህን እገዛ ለመስጠትም ወላጅ የግድ የተማረ መሆን የለበትም።

ከራሴ ስህተት ልጀምር

ከጥቂት ዓመታት በፊት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ገና ሳይቀር አንዲት ተማሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ «ራሴን አመመኝ» ብላ መጣች። የመጀመሪያው ቀን የወባ ምርመራ አደረግንላት፤ ነጻ ሆነች። ፓራሲታሞል ሰጥቼ ሸኘኋት። ሁለተኛው ቀን ያንኑ ጽፌ ያንኑ ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን ወረፋው አነስ ስላለ ቁጭ ብዬ ጠየቅኋት።

«ማታ ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?»

«ስድስት ሰዓት።»

«ስንት ሰዓት ትነሺያለሽ?»

«አሥር ሰዓት። ጀሪካን ወረፋ አስይዛለሁ።»

«ቁርስ ምን በላሽ?»

«ሻይ።»

«ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ይታይሻል?»

ዝም አለች። ቆይታ «ከጓደኛዬ ደብተር ነው የምገለብጠው» አለችኝ።

ልጅቷ በሌሊት የምትተኛው አራት ሰዓት ብቻ ነበር። ባዶ ሆዷን ሐያ ሊትር ውኃ ተሸክማ ከዚያ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ክፍል ውስጥ ደግሞ ሰሌዳውን ለማየት ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ታጨናብሳለች። እኔ በበኩሌ ሁለት ጊዜ ፓራሲታሞል ሰጥቼ ሥራዬን የሠራሁ መስሎኝ ነበር። የዓይን ምርመራ ላክኋት፤ መነጽር ታዘዘላት። እናቷም የጠዋቱን የውኃ ወረፋ ከታላቅ ወንድሟ ጋር እንድትፈራረቅ አደረጉ። አንደኛ ወጣች ብዬ አልዋሻችሁም። ራስ ምታቱ ግን ቀነሰ፤ ፈተናዋንም ተረጋግታ ጨረሰች። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ደቂቃ ወስጄ ብጠይቃት ኖሮ ያን ሁሉ ቀን ባልተሰቃየች ነበር።

ፈተናው ራሱ ተለውጧል

ብዙዎቻችን በሀገራችን የምናውቀው ሚኒስትሪንና ማትሪክን ነው። ያኔ ዕድል የሚወሰነው በጥቂት ቀን ነበር። በኬንያም የስምንተኛ ክፍል ፈተና (ኬሲፒኢ) ተመሳሳይ ነበር። ይህ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ዛሬ በካምፓችን የሚማሩት ልጆች ያሉበት ሥርዓት የተለየ ስለሆነ ወላጆች ልታውቁት ይገባል።

በስድስተኛ ክፍል መጨረሻ የሚሰጠው ፈተና (ኬፕሲያ) እ.ኤ.አ. በ2022 ተጀመረ። ይህ ፈተና ልጁን ወደ ሰባተኛ ክፍል ከመሻገር አያግደውም። በዘጠነኛ ክፍል መጨረሻ የሚሰጠው (ኬጄኤስኢኤ) ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ2025 ነው። የዘጠነኛ ክፍል ውጤት ሲሰላ ከመቶው 60 የሚመጣው ከራሱ ከዘጠነኛ ክፍል ፈተና ነው። 20 የሚሆነው ከስድስተኛ ክፍል ፈተና፣ ቀሪው 20 ደግሞ በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል በትምህርት ቤቱ ከሚሰጡ ምዘናዎች ይወሰዳል።

ይህ ማለት ልጃችሁ ለዘጠነኛ ክፍል ፈተና ሲቀመጥ ከመቶው 40 ከዚያ በፊት ተሰብስቦ አልቋል ማለት ነው። በሰባተኛ ክፍል «ዛሬ ቅሪ፣ ራሽን ነው» ተብላ ምዘና ያመለጣት ልጅ ያንን ነጥብ በመጨረሻው ሳምንት በመሸምደድ አትመልሰውም። ቀድሞም ችክ ብሎ ማለፍ አስቸጋሪ ነበር፤ አሁን ይበልጥ ከብዷል።

«እኔ ያልተማርኩ ምን ልርዳ?»

ይህን ጥያቄ ብዙ እናቶች ይጠይቁኛል። ልጆቹ የሚማሩት በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው፤ እናት የምታውቀው አማርኛ ነው። ደብተሩን ብትገልጠው ምንም አይገባትም። ስለዚህ «የእኔ ድርሻ ማብላትና ማልበስ ነው» ብላ ትተወዋለች። እኔ በዚህ አልስማማም።

ልጅ የተማረውን ለሌላ ሰው ሲያስረዳ ትምህርቱ ይበልጥ ያዝ ያደርገዋል። ሳያውቀው ያለፈውንም ያን ጊዜ ያገኘዋል። ስለዚህ ማታ ቡና እየፈላም ሆነ ሽንኩርት እየተከተፈ «እስቲ ዛሬ የተማርከውን አስተምረኝ» በሉት። በአማርኛ ይንገራችሁ። በእንግሊዝኛ የሸመደደውን በአማርኛ ማስረዳት ካቃተው ነገሩ አልገባውም ማለት ነው፤ ነገ መምህሩን ይጠይቅ። እዚህ ላይ ያልተማረ ወላጅ እንዲያውም ይጠቅማል፤ የምር ስለማያውቅ የምር ይጠይቃልና።

ከዚህ በተጨማሪ ፊደል ባታውቁም ልታደርጉት የምትችሉት ብዙ ነው፦

1. ደብተሩን በየሳምንቱ ግለጡ። ባዶ ገጽ፣ ያልታረመ ሥራ፣ ብዙ ቀይ ምልክት ካያችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። ቁጣ ግን አይቅደም።

2. ለጥናት የተወሰነ ሰዓት ይኑር። ግማሽ ሰዓት እንኳ ቢሆን በየቀኑ ከሆነ ይበቃል። በዚያ ሰዓት ሬዲዮና ስልክ ይዘጋ፤ ልጁ አይላክ።

3. በየተርሙ አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ሂዱና መምህሩን አነጋግሩ። ቋንቋ የሚያስቸግር ከሆነ የጎረቤት ልጅ ወይም የብሎካችሁን በጎ ፈቃደኛ አስተርጓሚ አድርጋችሁ ውሰዱ።

4. የውኃ፣ የማገዶና የራሽን ሥራ በሴት ልጅ ትከሻ ላይ ብቻ አይውደቅ። ወንድሟም ጀሪካን መያዝ ይችላል።

ከመድኃኒት የሚቀድሙ ነገሮች

እንቅልፍ፦ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስምንት ያለው ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። በቀን የተጠናው በአእምሮ የሚሰነቀው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ ያደረ ልጅ ጠዋት ላይ የያዘው ከሚመስለው ያነሰ ነው።

ጫት፦ ትልልቆቹ ተማሪዎች «ለጥናት» ብለው እንደሚቅሙ ሁላችንም እናውቃለን። ጫት እንቅልፍ ያባርራል፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ልብ ያፋጥናል። በማግስቱ ደግሞ ድብርትና ድካም ያመጣል። ፈተናው የሚሰጠው በዚያው በማግስቱ ነው። ስለዚህ ወላጅም በልጁ ፊት እየቃመ «አንተ አትቃም» ቢል አይሰማም።

ውኃና ምግብ፦ በካኩማ ሙቀት ውኃ ሳይጠጣ የዋለ ልጅ ራሱን ያመዋል፤ ሐሳቡም ይበተናል። ንጹሕ ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ይሂድ። ስለ ምግብ ስናገር አፍራለሁ፤ በ2025 ራሽን ሲቀነስ በየቤታችሁ ምን እንደተፈጠረ እኔም ራሴ ከእናንተ ጋር አይቼዋለሁ። ስለዚህ «ሥጋና እንቁላል አብሉ» አልላችሁም። ያለው ትንሽም ቢሆን ከፊሉ ለጠዋት ይቀመጥ፤ ልጅ ባዶ ሆዱን ክፍል አይግባ። ባቄላ፣ ምስር ወይም ጎመን ባለ ጊዜ ሻይ ከምግቡ ጋር አይጠጣ፤ ሻይ የምግቡን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋልና።

መቼ ወደ እኛ ይምጡ?

መርፌ የለንም ስል አትምጡ ማለቴ አይደለም። ትኩሳት ያለው ልጅ ፈተና ቢኖርበትም በ24 ሰዓት ውስጥ የወባ ምርመራ ያድርግ። ከቤት የተረፈ መድኃኒት ተሰጥቶት ወደ ፈተና አይላክ። ደብተሩን አፍንጫው ላይ አድርጎ የሚያነብ፣ ሰሌዳ ለማየት ዓይኑን የሚያጨናብስ፣ ጆሮው የሚፈስ ወይም ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ በጊዜ ይታይ። እንዲህ ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ «ሰነፍ» ተብሎ ከኋላ ወንበር ይቀራል። የዓይኑ ቆብ ውስጡና መዳፉ የነጣ፣ ቶሎ የሚደክመው ልጅ የደም ማነስ ሊኖርበት ስለሚችል እንመረምረዋለን። በወር አበባዋ ሰሞን ከክፍል የምትቀር ልጅ ካለች ለእናት ወይም ለሴት በጎ ፈቃደኛ ሳታፍር ትንገር፤ ሕመሙ የሚታከም ነው።

በፈተና ሰሞን ብቻ የሚመጣ የሆድ ቁርጠትና ራስ ምታትም አለ። ይህ ማስመሰል አይደለም። ፍርሃት ሰውነትን በእርግጥ ያሳምማል። ልጁን «ውሸታም» አትበሉት። ምን እንደሚያስፈራው ጠይቁት፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈራው ፈተናው ሳይሆን ውጤቱን ይዞ ቤት መግባቱ ነው።

ስለ ዱላ

ዝቅተኛ ውጤት ስላመጡ ተገርፈው ወደ እኛ የመጡ ልጆችን ቁስል ጠርጌአለሁ። እኛም ተገርፈን ነው የተማርነው የሚል መልስ ከብዙ አባቶች ሰምቻለሁ። እውነት ነው፤ ተገርፈናል። ነገር ግን ከክፍላችን ስንቱ በዚያው ዱላ ፈርቶ ትምህርቱን እንደተወ አንቆጥርም። የኬንያ የመሠረታዊ ትምህርት ሕግ (እ.ኤ.አ. 2013) በትምህርት ቤት ተማሪን መግረፍና ማዋረድ ይከለክላል። መምህሩ የተከለከለውን እኛ በቤታችን ብናደርገው ለልጁ ምን ልዩነት አለው? የፈራ ልጅ የሚያስበው ስለ ዱላው እንጂ ስለ ሒሳቡ አይደለም።

ፕሮሰስ እየጠበቅን

በመጨረሻም ብዙ ጊዜ የምሰማውን ላንሣ። «ፕሮሰስ ላይ ነን፤ እዚያ ስንደርስ ይማራል» ይባላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ የስደተኞች ቅበላ ሲታገድ ሻንጣ ያሰሩ ቤተሰቦች እንደገና ዕቃቸውን ፈትተዋል። ሐዘናቸው የእኛም ሐዘን ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ተቃራኒውን ሰማሁ፤ «እንግዲህ መውጫ ከሌለ መማሩ ምን ይሠራል?»

ሁለቱም ንግግሮች ልጁን አንድ ቦታ ያስቀምጡታል። ጉዞ ቢኖርም ባይኖርም ልጁ ዘንድሮ የአሥር ዓመት ልጅ የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ካኩማ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲቋቋም ሁሉም ለጥቂት ጊዜ ነው ብሎ ነበር የመጣው። እዚህ ተወልደው እዚህ የወለዱ አሉ። እኔም ዛሬ ይህን ነጭ ጋውን የለበስኩት በስደት ሳለሁ ሰርተፊኬቴን እስክይዝ «ደብተርሽን አምጪ» የሚለኝ ሰው ስለነበረ ነው። ራሽን ሊቀነስ፣ ጉዞ ሊሰረዝ ይችላል። ልጁ ያወቀውን ግን ማንም አይቀንስበትም።

በጎ ፈቃደኞች ሆይ፣ ቤት ለቤት ስትዞሩ ስለ አጎበርና ስለ ክትባት እንደምትጠይቁ ሁሉ ከእንግዲህ ሦስት ጥያቄ ጨምሩ፦ ልጁ ስንት ሰዓት ይተኛል? ሰሌዳ ይታየዋል? ማታ ማን ያዳምጠዋል?

ወላጆች ደግሞ ፈተናው እስኪደርስ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ጀምሩ። ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና «እስቲ አስተምረኝ» በሉት።