በሰፈር የሚተከል ዓይን ተጠያቂ ባለቤት ይኑረው!

«ምንም ያላጠፋ ሰው ካሜራ ምን ያስፈራዋል?» ለፖሊስ አዲስ መሳሪያ በተገዛ ቁጥር በየአገሩ ይህ አባባል ይደጋገማል። እኛ ወንጀልን መከላከል አንቃወምም። ሌባ ቢያዝ፣ ነፍሰ ገዳይ ቢጋለጥ ቀዳሚ ተጠቃሚዎቹ እኛው ሰፈርተኞቹ ነን። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ዓይኑ ማን ላይ ተተከለ? ማን ፈቀደው? «አየሁ» ሲልስ ማን ይመረምረዋል?

በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የሆነው ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ በ2010 ፖሊስ «ፕሮጀክት ቻምፒዮን» በሚል ስም፣ ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩባቸው በዎሽዉድ ሂዝ እና በስፓርክብሩክ ሰፈሮች ከ200 በላይ ካሜራዎች የመትከል ስራ ጀመረ። አብዛኞቹ የመኪና ሰሌዳ የሚያነቡ ነበሩ። ዓላማቸውም ወደ ሰፈሩ የሚገባና የሚወጣ መኪናን ሁሉ መመዝገብ ነበር። ከ70 በላይ የሚሆኑት ደግሞ ነዋሪው እንዳያያቸው በስውር የሚቀመጡ ናቸው። ለነዋሪው የተነገረው ካሜራዎቹ ተራ ወንጀልን ለመከላከል እንደመጡ ነበር። 3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚደርሰው ገንዘብ የወጣው ግን ከፀረ-ሽብር በጀት ነበር!

ነዋሪዎቹ እውነቱን ሲረዱ ካሜራ አልሰበሩም። ተሰብስበው ጠየቁ፤ በጋዜጣ ተናገሩ፤ የመብት ተሟጋቾች ጉዳዩን ፍርድ ቤት እንደሚወስዱት አስጠነቀቁ። ካሜራዎቹ በላስቲክ ተሸፈኑ። የሌላ አካባቢ የፖሊስ አዛዥ የነበሩት ሳራ ቶርንተን ጉዳዩን መርምረው፣ ነዋሪው በአግባቡ እንዳልተማከረና የሕዝቡ አመኔታ ክፉኛ እንደተጎዳ በዚያው ዓመት ይፋ አደረጉ። ፖሊስ ይቅርታ ጠየቀ። በቀጣዩ ዓመት ካሜራዎቹ ተነቀሉ። ፖሊስ ወንጀለኛን የሚይዘው ሕዝብ ሲጠቁመው ነው፤ ሰፈርን በሙሉ በጥርጣሬ የሚያይ ፖሊስ ግን ጠቋሚውን ራሱ ያሸሻል።

ሁለተኛው ጣጣ የሚመጣው መሳሪያው ሲሳሳት ነው። በአሜሪካ ዲትሮይት ፖሊስ እ.ኤ.አ በጥር 2020 ሮበርት ዊሊያምስ የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ በባለቤቱና በትናንሽ ሴት ልጆቹ ፊት በካቴና አስሮ ወሰደው። ምክንያቱ ምን ነበር? ከሱቅ ካሜራ የተገኘን የደበዘዘ የሌባ ምስል ኮምፒውተር ከእሱ የመንጃ ፈቃድ ፎቶ ጋር ስላዛመደው ነው። ሰውዬው ባልሰረቀው ሰዓት 30 ሰዓት ገደማ ታስሯል። ይህ ዓይነቱ ስህተት አስቀድሞ የሚታወቅ ነበር። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ እና ጆይ ቡኦላምዊኒ እ.ኤ.አ በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ፊት አይተው ወንድና ሴትን የሚለዩ ፕሮግራሞች በጥቁር ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ በነጭ ወንዶች ላይ ስህተታቸው ከ1 በመቶ በታች መሆኑን አሳይተዋል። መሳሪያው ለሁሉም እኩል ዓይን የለውም!

ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ2001 የወጣው የፀረ-ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 በአንቀጽ 23 የደህንነት ሪፖርት ምንጩም ሆነ የተገኘበት ዘዴ ባይገለጽ እንኳ ማስረጃ ሆኖ እንዲቀርብ ፈቅዶ ነበር። ስልኩ በማን ትእዛዝ እንደተጠለፈ፣ ንግግሩ ከየት ተቆርጦ የት እንደተቀጠለ የማያውቅ ተከሳሽ ምኑን ይከላከላል? አዋጁ በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። «መሳሪያው ብሏል፣ አበቃ!» የሚለው አስተሳሰብ ግን በአዋጅ ብቻ አይሻርም።

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ነው። መሳሪያ ከመተከሉ በፊት ነዋሪው ዓላማውን እና የገንዘቡን ምንጭ ይወቅ። የስልክ ጠለፋ ያለ ዳኛ ትእዛዝ አይፈጸም። ኮምፒውተር ያዛመደው ፊት ብቻውን ለእስር ምክንያት አይሁን። በመሳሪያ የተገኘ ማስረጃ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ጠበቃ የተገኘበትን መንገድ ጭምር የመመርመር መብት ይኑረው።

የበርሚንግሃም ወንድም እህቶቻችን እነዚያን ከ200 በላይ ዓይኖች ያስነቀሉት ጠጠር ሳይወረውሩ ነው። በሰላም፣ በመረጃ እና ሳይሰለቹ በመጠየቅ! የእኛም መንገድ ከዚህ የተለየ አይሆንም፤ ኢንሻአላህ።

አላሁ አክበር!